ኦክሲቶሲን የዕቁብ ብር አይመልስም

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤ እንደምን ሰንብተዋል? አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ ሚድዋይፍ ነኝ። ዕድሜዬ 29 ነው። ካገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። የስምንት ወር ልጅ አለችን፣ አሁንም ጡት ትጠባለች። ከባለቤቴ ጋር በተዋወቅን ሰሞን እህል አይበላልኝም፣ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ስልኬ ሲጮህ እጄ ይንቀጠቀጣል። አሁን ያ ሁሉ የለም። ማታ ሲነካኝ ‹ተወኝ፣ ደክሞኛል› እላለሁ። እውነትም ደክሞኛል።

ሌላም ነገር አለ። ከአራት ወር በፊት ዕቁብ ደረሰን። ለቤት መሥሪያ ያሰብነው ብር ነበር። ባለቤቴ ሳይነግረኝ ግማሹን ለወንድሙ አበደረው። ያወቅሁት የባንክ መልእክት ስልኩ ላይ አይቼ ነው። ስጠይቀው መጀመሪያ ካደ። በኋላ አመነ፣ ይቅርታም ጠየቀ። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ ብያለሁ። ግን ሲያቅፈኝ ሰውነቴ ድርቅ ይላል።

ይህን ያጫወትኳት ጓደኛዬ አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። ሃያ ሰከንድ ተቃቅፎ መቆየት የፍቅርና የመተማመን ሆርሞን የሚባለውን ኦክሲቶሲን ያመነጫል ይላል። በአፍንጫ የሚነፋ ኦክሲቶሲንም በኢንተርኔት ይሸጣል አሉ። ኦክሲቶሲን ለወለዱ እናቶች በየቀኑ የምወጋው እኔ ነኝ። አይሳቁብኝና፣ ፍሪጁን ከፍቼ የኦክሲቶሲኑን አምፑል፣ ያቺን ትንሽ የመርፌ ጠርሙስ፣ እያየሁ ‹አንተ ነህ መድኃኒቴ?› ያልኩበት ቀን አለ። ፍቅሬ የቀዘቀዘው ሆርሞኔ ስላለቀ ነው? ይህ ነገርስ እምነቴን ይመልስልኝ ይሆን?

አምፑሉ በእጄ ያለው»

እህቴ፣ አንቺ ልበልሽና፤ አልሳቅሁብሽም። እሺ፣ ፍሪጁ ጋ ስደርስ ትንሽ ሳቅሁ። ጥያቄሽ ግን የሚያስቅ አይደለም። «የፍቅር ሆርሞን» የሚባለውን ነገር በየቀኑ በሲሪንጅ የምትስብ ሴት፣ የራሷ ቤት ሲቀዘቅዝባት እንዲህ ብትጠይቅ ምን ይገርማል?

ችግሩ ሌላ ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ሕመም አለ። አንቺ ሁለቱንም በአንድ ካርድ ላይ ጽፈሽ አንድ መድኃኒት እየፈለግሽላቸው ነው። የማታው ድካምና የእጅሽ መንቀጥቀጥ መቅረቱ አንድ ነገር ነው፤ ሆርሞን እዚያ ውስጥ በደንብ አለበት። የዕቁቡ ብር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለው ሆርሞን ሳይሆን ባልሽ ነው።

በመጀመሪያ የአምፑሉን ነገር እንጨርስ። የኦክሲቶሲን ታሪክ በፍቅር አልጀመረም፣ በድመት ማህፀን ነው የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1906 ሄንሪ ዴል የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ፣ አንጎል ሥር ካለው የፒቱታሪ ዕጢ የኋላ ክፍል የተወሰደ ጭማቂ ያረገዘች ድመትን ማህፀን እንደሚያኮማትር አየ። በ1953 አሜሪካዊው ኬሚስት ቪንሰንት ዱ ቪኞ ቅንብሩን ፈትቶ በላብራቶሪ ሠራው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ትንሽ ነገር ነው። ቀሪውን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሕፃኑ እንደወጣ 10 ዩኒት ትወጊያለሽ፣ ማህፀኑ ይጨመደዳል፣ ደሙ ይቆማል።

እስቲ አስታውሺ። ከወጋሻቸው እናቶች መካከል መርፌውን ባገኘች በአምስተኛው ደቂቃ አማቷን የወደደች አለች? ባሏን በድንገት ያመነች? አንቺን እንኳ «አንቺ ልጅ፣ ከወጋሽኝ ወዲህ እወድሻለሁ» ያለችሽ የለችም። ምክንያት አለው። ደም ውስጥ የገባ ኦክሲቶሲን በጥቂት ደቂቃ ይፈራርሳል። ከደም ወደ አንጎል የሚገባውን የሚያጣራውን ግርዶሽም እምብዛም አያልፍም። ከስሜት ጋር ይያያዛል የሚባለው ኦክሲቶሲን አንጎል ራሱ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍሉ ውስጥ ሠርቶ፣ እዚያው ውስጥ ለውስጥ የሚረጨው ነው። ስለዚህ አምፑሉ ፍሪጁ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቦታው፣ የእናቶችን ተራ ይጠብቅ።

በአፍንጫ የሚነፋውስ? ወሬው ከየት እንደመጣ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ከባዶ አልመጣም።

አሜሪካ ውስጥ፣ ኢሊኖይን በመሰሉ የሣር ሜዳዎች የምትኖር ፕሬሪ ቮል የምትባል ትንሽ አይጥ አለች። ከአንድ አጋር ጋር ተጣምራ ትኖራለች፣ ልጆቻቸውንም አብረው ያሳድጋሉ። በተራራ የሚኖሩ ዘመዶቿ ግን እንዲህ የለባቸውም። እነ ሱ ካርተር፣ እነ ቶማስ ኢንሴልና ላሪ ያንግ ይህን ሲመረምሩ ቆይተው፣ በሴቷ ላይ ኦክሲቶሲን፣ በወንዱ ላይ ደግሞ ቫሶፕሬሲን የሚባለው ወንድም ሆርሞን ለጥምረቱ ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው አሳዩ። «የታማኝነት ሆርሞን» የሚለው ስም ከዚህ ብዙ ተጠቀመ። በነገራችን ላይ፣ ይህቺ የታማኝነት ምሳሌ የተባለች አይጥ አንዳንዴ ከሌላም ትወልዳለች። አብሮ መኖርና መታመን ለአይጥም አንድ አይደሉም። ይባስ ብሎ በ2023 የወጣ ጥናት የኦክሲቶሲን መቀበያው በዘረመል ደረጃ የጠፋባቸው ፕሬሪ ቮሎች ያለ እሱም ተጣምረው መኖራቸውን አሳየ። ኦክሲቶሲኑ ይረዳል እንጂ ብቻውን የጥምረቱ ቁልፍ አይደለም።

በሰው ላይ ወሬውን ያቀጣጠለው በ2005 ዙሪክ ላይ የተሠራ ሙከራ ነው። ወንድ ተማሪዎች የገንዘብ ጨዋታ ተጫወቱ። አንዱ ካለው ላይ ለማያውቀው ሰው ይልካል፣ የተላከው በሦስት ይባዛል፣ ተቀባዩ ደስ ካለው ይመልሳል፣ ካላሰኘው ይዞ ይቀራል። ኦክሲቶሲን ከሸተቱት 29 ሰዎች 13ቱ ያላቸውን ሁሉ ላኩ። ባዶ ርጭት ከሸተቱት 29 ሰዎች ደግሞ 6ቱ ብቻ። ዓለም በዚህ ተደነቀ፤ ጋዜጣው «የመተማመን ሆርሞን» አለ፣ ነጋዴው ጠርሙስ ሞልቶ መሸጥ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ቪዲዮው አይነግርሽም። ሌሎች ሙከራውን ደጋግመው ሲሠሩት ውጤቱ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ቤልጅየም ውስጥ በዚሁ ርጭት ላይ ብዙ የሠራ አንድ የምርምር ቡድን በ2016 መሳቢያውን ከፍቶ፣ «ውጤት አልሰጡም ብለን ሳናሳትማቸው የቀሩት ጥናቶቻችን እነዚህ ናቸው» ብሎ አወጣ። እንዲህ ያለ ሐቀኝነት ደስ ይለኛል። በ2020 ደግሞ 677 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ተሠራ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ የዙሪኩን ሙከራ ከሠሩት የኢኮኖሚ ምሁራን አንዱ የሆነው ኤርንስት ፌር ነበር። የመጀመሪያው ውጤት አልተደገመም።

አንድ ሌላ ጥናት ልጨምርልሽ፣ ይህኛው አንቺን ይመለከታል። በ2010 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ኦክሲቶሲን ሰውን ለሁሉም ደግ እንደማያደርግ፣ ይልቅ ለራሱ ወገን የበለጠ እንዲያደላ እንደሚያደርግ ጻፉ። እነሱ እንዳሉት ከሆነ፣ ርጭቱን ባልሽ አፍንጫ ላይ ብትነፊው ቀሪውን ግማሽ ብርም ለወንድሙ ሊያበድርልሽ ይችላል።

ስለዚህ አትግዢው። የአፍንጫው ርጭት ድሮ በአንዳንድ አገሮች የጡት ወተት እንዲወርድ በሐኪም ይታዘዝ ነበር፤ በኢንተርኔት የሚሸጠው ጠርሙስ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ሻጩም ምሎ አይነግርሽም። አንቺ ደግሞ የምታጠቢ እናት ነሽ።

አሁን ወደ መቀዝቀዙ። «ፍቅሬ ያለቀው ሆርሞኔ ስላለቀ ነው?» ላልሽው፣ ያለቀው ፍቅርሽ ሳይሆን የመጀመሪያው ሰሞን ይመስለኛል። እጅ የሚያንቀጠቅጠው፣ እህል የሚያስጠላው ነገር የራሱ ጊዜ አለው። በ1999 ጣሊያን፣ ፒሳ ውስጥ ዶናቴላ ማራዚቲና ባልደረቦቿ በቅርቡ ፍቅር የያዛቸውን 20 ሰዎች ደም መረመሩ። ሴሮቶኒን ከሚባለው የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል ጋር የተያያዘው መለኪያ፣ አንድን ነገር ደጋግሞ በማሰብና በማድረግ ሕመም ከሚሠቃዩ ሰዎች ጋር በአንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህ ብዙ ይናገራል። «ስልኩ አሁን ይጮህ ይሆን?» እያልሽ ስልክ ላይ ስታፈጪ የነበርሽው አንቺ፣ ለደም ምርመራው ከታማሚ የምትለይ አልነበርሽም። ከነዚያ ሰዎች አንዳንዶቹ ከዓመት በላይ ቆይተው ሲመረመሩ ግን መለኪያው ወደ ነበረበት ተመልሷል። ማራዚቲ በ2004 ያወጣችው ሌላ ጥናት ደግሞ አዲስ አፍቃሪዎች ላይ የጭንቀት ሆርሞን የሆነው ኮርቲሶል ከፍ ብሎ አገኘ። የሚገርመው፣ የወንድነት ሆርሞን የሚባለው ቴስቶስተሮን በወንዶቹ ዝቅ፣ በሴቶቹ ደግሞ ከፍ ብሎ ነበር። እሱም ጊዜ ሲያልፍ ልዩነቱ ጠፋ። ሰውነት በዚያ ሁኔታ ለዘላለም አይቆይም። ቢቆይ ኖሮ ማን ሥራ ይሠራ ነበር?

ይህ ማለት ግን ደስታው ሁሉ ያልቃል ማለት አይደለም። ኒው ዮርክ ላይ በአማካይ 21 ዓመት በትዳር የቆዩና «አሁንም በጣም እወደዋለሁ» የሚሉ 17 ሰዎች የአጋራቸውን ፎቶ እያዩ አንጎላቸው ተቃኝቷል። ዶፓሚን የሚባለውን የደስታና የፍላጎት ኬሚካል የሚያመነጨው ክፍል፣ አዲስ አፍቃሪ ላይ የሚበራው ያው ቦታ፣ በእነሱም ላይ በርቷል።

አንቺ ላይ ያለው ግን ከዚህም የቀረበ ነው፣ ደግሞ ከማንም በላይ ልታውቂው የሚገባ ነገር ነው። ታጠቢያለሽ። ወተት የሚያመነጨው ሆርሞን ፕሮላክቲንሽ ከፍ፣ የሴትነት ሆርሞን የሚባለው ኢስትሮጅንሽ ዝቅ ያለ ነው። ፍላጎት ይቀንሳል፣ ብልት ይደርቃል፣ ያማል። ሌሊት ትነሻለሽ፣ ቀን ሌላ ሰው ታዋልጃለሽ። ለክትባት የምትመጣ እናት ይህንን ብትነግርሽ «አይዞሽ፣ የጡት ማጥባት ጊዜ ነው፣ ማለስለሻ ተጠቀሚ፣ ተኚ» ትያት ነበር። ለራስሽ ስትሆኚ ግን «ፍቅሬ አለቀ» ብለሽ ፈረድሽ። ጤና ባለሙያ ለራሱ ሲሆን ለምን እንዲህ ይጨክናል?

ባልሽም ቢሆን ያው ሰው አይደለም። ፊሊፒንስ፣ ሴቡ ላይ 624 ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2011 ወጥቷል። አባት የሆኑት ቴስቶስተሮናቸው ቀንሷል፤ ልጃቸውን በመንከባከብ በቀን ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያሳልፉት ላይ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ ያለ ነበር። ሰውነት ወንዱንም ለልጅ ያዘጋጀዋል ማለት ነው። ሌሊት ልጅቷን ተነሥቶ ማባበል የአንቺ ሥራ ብቻ የሚሆንበት ምንም ምክንያት የለም። አጥቢያት፣ ከዚያ እሱ ይቀበልሽና ያስተኛት።

አንድ ነገር ግን በቀላሉ አትለፊው። ከድካም ሌላ ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ለልጅሽም ስሜት ማጣት ካለ፣ ለሌሎች እናቶች የምትጠይቂያቸውን የድኅረ ወሊድ ድብርት ጥያቄዎች ባልደረባሽ ለአንቺ ትጠይቅሽ። አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢሽንም ተመርመሪ፣ ከወሊድ በኋላ የሚዛባበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ የዕቁቡ ብር። እዚህ ላይ ድምፄ ትንሽ ይጠነክራል።

ለወንድም ማበደር ክፋት አይደለም። ወንድም ጨንቆት ሲመጣ «የለኝም» ማለት በእኛ ቤት ቀላል አይደለም። ከብሩም በላይ የሚከብደኝ ሁለቱ ነገሮች ናቸው፤ መደበቁና ስትጠይቂው መካዱ። ይቅርታ የጠየቀውስ ስለየትኛው ነው? ስለ ብሩ ከሆነ ግማሹ ይቅርታ ገና አልተጠየቀም። አንቺ ደግሞ «ይቅር ብዬሃለሁ ብያለሁ» ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ። ብያለሁ! አፍሽ ቀድሞ ሄዷል፣ ሰውነትሽ ገና አልደረሰም። ሲያቅፍሽ የሚደርቀው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሆርሞን ጎድሎት አይደለም፣ ጠርጥሮ ነው። ደግሞም ጥርጣሬው ትክክል ነው፤ እስካሁን ስለ ብሩ የምታውቂው በድንገት ስልክ ላይ ያየሽውን ብቻ ነው።

የዕቁብ ሰው ከሆንሽ መተማመን እንዴት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ይዞ ዝም ብሎ አይሄድም፤ ዋስ ይጠራል። ዳኛው ይጽፋል፣ የከፈለና ያልከፈለ በደብተር ይታወቃል። ይህንን የሚጠይቁት ሌባ ነህ ብለው አይደለም። በየሳምንቱ ሳይጨነቁ ቡና እየጠጡ መገናኘት እንዲችሉ ነው። ቤታችሁም ይህ ደብተር ይጎድለዋል።

ስለዚህ ልጅቷ ስትተኛ፣ ስልኩ ጠፍቶ፣ ሁለታችሁ ተቀመጡ። ስንት ብር ሰጠ? መቼ? ወንድምየው መቼ ይመልሳል፣ በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በየወሩ? ይጻፍ። ከወንድሙ ጋር የሚነጋገረው ባልሽ ነው፣ አንቺ አይደለሽም፤ አንቺ ከገባሽበት ነገ በቤተሰቡ ዘንድ «ወንድማማች ያጣላች» ተብለሽ ትቀሪያለሽ። የቀረው ግማሽ ብር ሁለታችሁም በምታዩት ሒሳብ ይግባ። ከዚህ በኋላ ሳይነጋገሩ የማይሰጥ፣ የማይበደር የብር መጠንም ወስኑ። «ባሌን መቆጣጠር አይሆንብኝም ወይ?» ካልሽ፣ የተሻሻለው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ከጋራ ሀብት ከ500 ብር በላይ ለማበደር የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። የምትጠይቂው ሕጉ አስቀድሞ የሰጠሽን ነው። ሕጉን ግን ለመጀመሪያው ውይይት ይዘሽ አትግቢ፣ ባልሽ ፍርድ ቤት የቆመ ይመስለዋል።

ስለ መካዱም ጠይቂው። «ለምን ሰጠኸው?» ከሚለው ይልቅ «ልትነግረኝ ምን ፈራህ?» የሚለው የበለጠ ያናግረዋል። ምናልባት እምቢ ትለኛለች ብሎ ነው። ምናልባት ወንድሙ አትንገራት ብሎት ነው። መልሱ ይለያያል፣ አንቺም ከመልሱ ብዙ ታውቂያለሽ።

መተቃቀፉስ? ጠላት አይደለሁበትም። ሞቅ ያለ ንክኪ ሰውነትን ያረጋጋል፣ እውነት ነው። ነገር ግን በ2006 አሜሪካ ውስጥ ጄምስ ኮን የሚባል ተመራማሪ 16 ያገቡ ሴቶችን ስካነር ውስጥ አስገብቶ፣ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊመጣባቸው እንደሚችል አስጠነቀቃቸው። የባላቸውን እጅ ሲይዙ አንጎላቸው ለስጋቱ የሚሰጠው ምላሽ ቀነሰ። የማያውቁት ሰው እጅም ትንሽ ረድቷል፣ የባል ያህል ግን አይደለም። ለአንቺ የሚጠቅመው ግን ቀጣዩ ነው። የበለጠ የተረጋጉት በትዳራቸው የበለጠ ደስተኛ የሆኑት ነበሩ። ያው እጅ ነው፣ ግን የማን እጅ እንደሆነና በመካከላችሁ ምን እንዳለ ሰውነት ይለያል። ስለዚህ ሰዓት እየቆጠርሽ ሃያ ሰከንድ ደርቀሽ አትቁሚ። ባልሽንም ንገሪው፤ ክርክር ሲጀመር አቅፎ ዝም ማሰኘት ይቅርበት። ለጊዜው አጠገብሽ መቀመጥ ይበቃዋል። ማቀፍ ያማረሽ ቀን አንቺ ጀምሪው።

ሒሳቡን ለማሳየት እሺ ካለ፣ ወንድምየውም የመጀመሪያውን ክፍያ ከመለሰ፣ ጥቂት ወራት ስጪው፤ ሌሊት ልጅቷን ይያዝልሽ፣ አንቺ ተኚ። እምቢ ካለ፣ ወይም ሌላ የተደበቀ ብር ከወጣ ግን ጉዳዩ ከሁለታችሁ ውጭ ሰው ይፈልጋል። የትዳር አማካሪ ብታገኙ ጥሩ ነው። ሽማግሌ ከሆነም ወንድምየውን የማይፈሩ፣ ከአንቺም ወገን ቢያንስ አንድ ሰው ያለባቸው ይሁኑ። ወደ እነሱ ስትሄዱም የጻፋችሁትን ደብተር ያዙ።